ቤት ሲሸጥ ሰነዱን ማን ያጣራ?



ኮልፌ ላይ ቤት ሲሸጥ ስሙ የሚነሳው ደላላው ነው። ከአየር ጤና እስከ ቤቴል ወሬው "ስንት አሉት? በስንት ቆረጠ?" ነው። ዋጋ ከተቆረጠ በኋላስ? ካርታውን የሚያጣራ፣ ውሉን የሚያስመዘግብ፣ ስም እስኪዛወር የሚከታተል ማነው? ሌላ አገር ይህ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። እኛ ጋር ለጠበቃ፣ ለጉዳይ አስፈጻሚና ለባንክ ሠራተኛ ተበጣጥሶ ተከፋፍሏል።

ሕግ ተምረን ይህን ሥራ የመረጥን የሰፈር ልጆች ነን። ቤተሰቦቻችን መጀመሪያ ሲሰሙ "አምስት ዓመት ተምራችሁ ደላላ ልትሆኑ ነው?" ብለውናል። ልዩነቱ ይኸው ነው፦ ደላላ ሽያጩ ካልተፈጸመ አይበላም። እኛ ግን "ይህን ቤት አትግዙ" ብለንም ደሞዛችንን እንበላለን።

"አትግዙ" የሚያስብሉ ነገሮች ብዙ ናቸው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውልና ማስረጃ ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። መንደር ውስጥ በሦስት ሽማግሌ ፊት የተፈረመ ወረቀት ሻጩ የካደ ቀን ገዢን አያድንም። ሻጭ ባለትዳር ከሆነና ቤቱ የጋራ ከሆነ የሚስቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ወኪል ከሆነ ደግሞ ውክልናው በደንብ ይነበባል። ሳዑዲ ወይም ዱባይ ያለች እህት "ንብረቴን አስተዳድርልኝ" ብላ የላከችው ውክልና ቤቷን ለመሸጥ አይበቃም፤ መሸጥ የሚል ልዩ ሥልጣን መያዝ አለበት። እዳና እገዳው ይጣራል። ከዚያ ግምት፣ የቴምብር ቀረጥ፣ ክሊራንስ፣ የክፍለ ከተማው ወረፋ... (ወረፋውን ያየ ያውቀዋል።)

ሰፈራችን ላይ ከሁሉም የሚከብደው ግን ውርስ ነው። አባት ከሞቱ አሥራ አምስት ዓመት አልፎ ካርታው አሁንም በእሳቸው ስም ነው። እናት እዚያው ይኖራሉ፣ ታላቅ ወንድም ሁለት ክፍል አከራይቷል፣ ያገቡት እህቶች "ሐቃችን" ይላሉ። ማንም ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሐዘን ላይ ስለ ካርታ ማንሳት ነውር ሆኖ ነው የቀረው። በአዋጅ ቁጥር 188/1992 መሠረት ሟች ሙስሊም ከነበሩና ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ያያል። ወራሾቹና ድርሻቸው በፍርድ ቤት ሳይታወቁ የሚደረግ ሽያጭ የእህትን ሐቅ በገዢ እጅ መቀማት ነው። እንዲህ ያለ ፋይል ሲመጣ ቤቱ ቢሸጥም ባይሸጥም መጀመሪያ እህቶቹን ፈልገን እናናግራለን። አንዳንዱ ደንበኛ በዚህ ተቆጥቶ ፋይሉን ይዞ ይሄዳል። ይሂድ።

ሥራው አዲስ የመጣ አይደለም። የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ፣ አል-በቀራህ 282፣ ስለ ዕዳ ውል አጻጻፍ ነው። ጸሐፊው በፍትሕ እንዲጽፍ፣ ሲጠሩት እምቢ እንዳይል ያዛል፤ ጸሐፊውም ምስክሩም እንዳይጎዱ ያስጠነቅቃል። ጸሐፊነት በዲናችን ይህን ያህል ቦታ እያለው ልጆቻችን ከዚህ ሙያ መራቃቸው ይገርመናል።

መግባት ለምትፈልጉ፦ ሕግ ጥሩ በር ነው፣ ግን ብቸኛው አይደለም። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የመሬት አስተዳደር ያስተምራል። ባንኮች የመያዣ ሰነድ የሚያጣራ ሰው ይቀጥራሉ። እንደ ዘምዘምና ሒጅራ ያሉ ከወለድ ነፃ ባንኮች ደግሞ ሙራባሓን ከካርታ ጋር አገናኝቶ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋቸዋል፤ ሁለቱንም የሚያውቅ ገና ጥቂት ነው። የመጀመሪያው ደሞዝ ትንሽ ነው፣ አንዋሽም። በመጀመሪያው ዓመት ከምታገኙት ብር ይልቅ የምታነቡት ፋይል ይበልጣል።

ለመለማመድ ቢሮ አትጠብቁ። የቤታችሁን ካርታ አውጡና በማን ስም እንደሆነ፣ ስፋቱ መሬት ላይ ካለው ጋር መግጠሙን፣ ግብሩ እስከ መቼ እንደተከፈለ እዩ። ካርታው የአያት ስም ላይ ከሆነ የመጀመሪያው ፋይላችሁ እሱ ነው።