«አይተኸዋል?»

አንድ ማታ በመኝታ ቤታችን ክርክር ተነሣ። ከጓደኞቻችን አንዱ፣ የሳይንስ ተማሪ ነው፣ አልጋው ላይ እግሩን አጣጥፎ እንደ ተቀመጠ፣ «እኔ በዓይኔ ያላየሁትን ነገር ዕውቀት ብዬ አልቀበልም» አለን። ሌላው ቀበል አድርጎ፣ «መቼ ተወለድህ?» ሲል ጠየቀው። ያም ሳያስብ ቀኑንና ዓመቱን ተናገረ። «ታዲያ አይተኸዋል?» ቢለው ቤቱ በሳቅ ሞላ።

እኔም አብሬ ሳቅሁ። ነገር ግን መብራቱ ጠፍቶ ሁሉም ከተኛ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አውቃለሁ የምለውን አንድ በአንድ ብቈጥረው፣ በገዛ ዓይኔ ያረጋገጥሁት እፍኝ የማይሞላ ሆኖ አገኘሁት። ምድር ፀሐይን እንደምትዞር፣ በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ጦርነት እንደ ነበረ፣ እናቴም የወለደችኝ እናቴ መሆኗን እንኳ የማውቀው ሰው ነግሮኝ ነው። እንግዲህ «ሰውን ልመን ወይስ አልመን?» ማለት ከንቱ ጥያቄ ነው፤ ሳናምን አንዲት ቀን እንኳ ውለን ማደር አንችልም። ቁም ነገሩ ማንን፣ በየትኛው ነገር፣ እስከ ምን ድረስ እንመን የሚለው ነው።

ለዚህ ነገር የጄምስ ብሩስን ታሪክ ያህል ጥሩ ምሳሌ አላገኘሁም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ይህ የስኮትላንድ ሰው በ1769 ምጽዋ ገባ፤ በጎንደር ቤተ መንግሥት ተቀመጠ፤ በኅዳር ወር 1770 ግሽ ዓባይ ደረሰ። በ1774 ለንደን ተመልሶ ያየውን ቢያወራ ብዙዎቹ ሳቁበት። ሰው ጥሬ ሥጋ ይበላል ማለቱ ለሰሚው ተረት መሰለ፤ እኛ በሠርግና በበዓል የምንሻማበትን ነገር! የእንግሊዝኛውን ታላቅ መዝገበ ቃላት ያዘጋጀው ዶክተር ሳሙኤል ጆንሰን እንኳ በመጀመሪያ ሊያምነው ካለ በኋላ፣ ኢትዮጵያ መሄዱን እስከ መጠራጠር ደረሰ።

ጆንሰን ግን ኢትዮጵያን አላየም። የሚያውቃት ሎቦ የተባለው የፖርቱጋል ካህን ከጻፈው መጽሐፍ ነበር፤ ራሱ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1735 አሳትሞታል። ስለዚህ የአንዱን ሰው ቃል የመዘነው በሌላው ሰው ቃል ነው። በዚህ አልፈርድበትም፤ ሁላችንም ያለን ሚዛን ይኸው ነው። ጥፋቱ የለንደን ሰዎች ያልለመዱትን ሁሉ ውሸት ማድረጋቸው ነው። ብሩስ ግን ከአገራችን በግዕዝ የተጻፈውን መጽሐፈ ሄኖክን ይዞ ሄዶ ነበር፤ ቃሉን ለናቁበት ብራናው ምስክር ሆኖ ቆመለት።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ፣ «ሰውን ያለ ምክንያት አትጠራጠሩ» ብዬ በዘጋሁት ነበር። ዳሩ ግን አበው «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» ይላሉ። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ካህን በ1618፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ የዓባይን ምንጭ አይቶ ጽፎ ነበር፤ ብሩስ ግን ይህን ምስክርነት ለማፍረስ ተከራከረ። ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለው ኢጣሊያዊ ሠዓሊም ከእርሱ ጋር ግሽ ድረስ ሄዶ፣ በ1771 ጎንደር ላይ ሞተ። ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ይህ ሰው የሚገባውን ስፍራ አላገኘም። እንግዲህ ስለ ጥሬ ሥጋው እውነት ሲናገር አልታመነም፤ «የመጀመሪያው እኔ ነኝ» በሚለው ነገር ግን እውነትን አጣመመ። የሰው ቃል በጅምላ የሚታመን ወይም በጅምላ የሚጣል አይደለም። የገዛ ክብሩ ባለበት ስፍራ ላይ ቆም ብሎ መመርመር ይገባል።

እናቴን የተወለድሁበትን ቀን ብጠይቃት፣ «የኅዳር ጽዮን ማግስት መሆኑን እኔው አውቃለሁ፤ ዓመቱን ግን አባትህ ያለውን ነው የምነግርህ» አለችኝ። ፊደል ያልቈጠረች ሴት ናት፤ ነገር ግን ያየችውን ከሰማችው ለይታ መናገር ታውቃለች። ከእንደዚህ ያለ ሰው አፍ የወጣ ቃል ያስተማምናል።

አሁን የራሴን ልናገር፤ ያን ማታ እንቅልፍ የነሣኝ ብሩስ አልነበረም። ባለፈው መንፈቀ ዓመት ከዚያው «ያላየሁትን አልቀበልም» ካለው ጓደኛዬ ጋር በኬሚስትሪ ላቦራቶሪ አንድ ሥራ ተሰጥቶን ነበር። ከቡሬት እያንጠባጠብን ቀለሙ እስኪለወጥ ስንት እንደ ፈሰሰ ማንበብ ነበረብን። እርሱ 24.8 ኩብ ሴንቲ ሜትር አገኘ። እኔ ወሬ ይዤ መነሻውን ሳላነብ ቀረሁ፤ እንደ ገና መጀመሩ ታከተኝና 23.5 ብዬ በግምት ጻፍሁ።

«አይተኸዋል?» አለኝ።

«አዎን» አልሁት።

እርሱም አመነኝ። የራሱን ቊጥር ሰርዞ፣ ዕቃውን አጥቦ፣ ሥራውን ሁለት ጊዜ ደገመው፤ ምሳውም አለፈው። ሁለቱንም ጊዜ ያው 24.8 ገደማ ሲወጣለት፣ «ዓይኔን ምን ነካው?» አለ። እኔ ዝም አልሁ። ከዓይኑ በቀር ምንም አላምንም የሚለው ሰው፣ በእኔ ቃል ምክንያት የገዛ ዓይኑን ተጠራጠረ።

በማግስቱ ጧት ነገርሁት። ብዙ ዝም ካለ በኋላ፣ «ቊጥሩስ ግድ የለም፤ ዓይኔን ያስጠረጠርኸኝ ነው የከፋኝ» አለ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ ፈተና ሲደርስ የአንዱን ማስታወሻ ሌላው ይገለብጣል፤ ከእርሱም ሦስተኛው ይወስዳል። አስተማሪው ያሉትን ሳትሰሙ የቀራችሁበትን ስፍራ በግምት አትሙሉት፤ ባዶውን ተዉት። ባዶ ስፍራ ያየ ሰው ይጠይቃል፤ በግምት የተሞላውን ያየ ግን አምኖ ያልፋል።

ያ ጓደኛዬ ዛሬም «ምሳ ደረሰ» ብለው እንኳ፣ «አይተኸዋል?» ይለኛል። መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር። አሁን ግን ያላየሁ እንደ ሆነ፣ «አላየሁም፤ ሲሉ ሰማሁ» እለዋለሁ። ያን ጊዜ ተነሥቶ አብሮኝ ይሄዳል።