ዋንጫው ከመዲናይቱ የራቀባቸው ዓመታት

የድሬዳዋ ልጅ ኳስ መምታት የሚማረው በደቻቱ አሸዋ ላይ ነው። ደቻቱ ዝናብ ሲጥል ካልሆነ በቀር ውሃ የማይታይበት፣ ከተማይቱን ከዚራና መጋላ አድርጎ የሚከፍል ሰፊ የአሸዋ ወንዝ ነው። እኔም በልጅነቴ ከእኩዮቼ ጋር የምጫወተው እዚያው ነበረ። በሁለት ስንከፈል አንደኛው ወገን «ጥጥ»፣ ሁለተኛው ወገን «ሲሚንቶ» ይባል ነበር። ስሞቹ ከየት እንደ መጡ የጠየቀ ልጅ ግን አልነበረም፤ እንደ ሰፈራችን ስም ከእኛ በፊት የነበሩ ነበሩና።

ነገሩን ያስረዳኝ አጎቴ ነው። እርሱ በጥጥ ፋብሪካው ለብዙ ዓመታት ያገለገለ ሰው ስለ ነበር፣ ስለ ኳስ ሲያወራ ጨዋታውን ከሥራው ለይቶ አያውቅም። በጨዋታ ቀን የሁለቱ ፋብሪካዎች ደጋፊዎች ያለ ሰንደቅ ይለዩ ነበር ይለን ነበር፤ ከሥራ በቀጥታ የመጣው የጥጥ ሠራተኛ ብናኙ በጠጉሩ ላይ እንደ ተበተነ፣ የሲሚንቶው ሠራተኛም ቅንድቡ አመድ እንደ መሰለ ወደ ሜዳው ይገባልና። አጎቴ ማጋነን ይወድ ስለ ነበር ይህን ሁሉ እንደ ወረደ አልቀበለውም። በዋንጫዎቹ ቍጥር ላይ ግን አንዲት እንኳ አልጨመረም።

ከ1952 እስከ 1957 ዓ.ም. በነበሩት ስድስት ተከታታይ ዓመታት የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ዋንጫ ከድሬዳዋ አልወጣም። የጥጥ ፋብሪካው ቡድን አራት ጊዜ፣ ኢትዮ ሲሚንቶ ደግሞ ሁለት ጊዜ ወሰዱት። ከዚያ አስቀድሞ በነበሩት ሦስት ዓመታትም ዋንጫው የሄደው ወደ አስመራ ነበር፤ በ1949 ሐማሴን፣ በ1950 አከለ ጉዛይ፣ በ1951 ቴሌ አሸነፉ። እንግዲህ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የአገሪቱ መዲና ዋንጫውን በሩቅ ስታይ ኖረች ማለት ነው። ከዚያ በፊት የበላይነቱ የጦር ሠራዊቱ ቡድን ነበር። በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ ዋንጫውን ወደ አዲስ አበባ የመለሰው በ1958 ነው።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? በእኔ አስተያየት ምክንያቱን ከሜዳው ይልቅ ከባቡሩ ሐዲድ ላይ መፈለግ ይሻላል። ድሬዳዋ ራሷ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ በደረሰው የባቡር ሐዲድ የተወለደች ከተማ ናት፤ አስመራም ከምፅዋ ወደብ ጋር የተያያዘችው በባቡር ነበር። ባቡሩ ሸቀጥ ብቻ አላመጣም፤ ፋብሪካ አመጣ፣ ልዩ ልዩ ወገን የሆነ ሠራተኛ አሰባሰበ፣ ከሥራ በኋላ የሚተርፍ ሰዓትም ፈጠረ። በዚያን ዘመን ኳስ እንጀራ አልነበረም። ተጫዋች ቀን የሚሠራበት፣ በወሩ መጨረሻ ደመወዝ የሚቀበልበት ቦታ ያስፈልገው ነበር። ይህን ሊሰጥ የሚችል ፋብሪካ ደኅና ተጫዋች ከሩቅም ቢሆን ይስባል።

ለዚህ ከሉቻኖ ቫሳሎ የተሻለ ምስክር አላውቅም። ሉቻኖ ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት አስመራ ላይ የተወለደ ሲሆን፣ ለድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ቡድን ተጫውቷል። በ1954 ዓ.ም. ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ሲካሄድ የብሔራዊው ቡድን አምበል እርሱ፣ አሠልጣኙም ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። የፍጻሜው ጨዋታ የተደረገው ጥር 13 ቀን፣ ከጥምቀት በኋላ በሁለተኛው ቀን ነው። የተባበረችው የዐረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች፤ ሁለት ጊዜም ኢትዮጵያ አቻ አደረገች። ሁለተኛዋን የአቻነት ግብ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ያገባው ሉቻኖ ነው። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፣ የጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁም አራተኛውን አገቡ። ዋንጫው በንጉሠ ነገሥቱ እጅ ለአምበሉ ተሰጠ። ያ ስታዲየም ከለገሃር ባቡር ጣቢያ በእግር ጥቂት ብቻ የሚያስኬድ መሆኑ ሁልጊዜ ያስደስተኛል።

የአስመራው ቺቼሮ ስታዲየምም ተራው ደርሶታል። በ1960 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባና በአስመራ ሲካሄድ፣ ለፍጻሜ የደረሱት ጋናና ኮንጎ ኪንሻሳ ሁለቱም ከአስመራው ምድብ የመጡ ነበሩ። ዛሬ አስመራ በ1985 ዓ.ም. ነጻነቷን ያወጀችው የኤርትራ መዲና ናት። ስለዚህ የሻምፒዮናችንን መዝገብ የሚገልጥ ወጣት ከሐማሴንና ከአከለ ጉዛይ ስም ላይ ሲደርስ ቆም ይላል፤ አንድ መዝገብ የሁለት አገሮች ታሪክ ሆኗልና።

ወደ ድሬዳዋ የመጣው የአፍሪካ ዋንጫ ግን ለእኛ ለልጆቹ ሌላ ነገር አደረገ። በ1968 ዓ.ም. ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ያለፈው ውድድር ባለ ዋንጫ የነበረችው ዛየር በከተማችን ስታዲየም ተጋጠሙ። መግቢያ ያልነበረን ልጆች ከግንቡ ውጭ ቆመን ጨዋታውን በሕዝቡ ጩኸት እንከታተል ነበር። ዛየር ከምድቡ ሳታልፍ ቀረች፤ ከእኛ ከተማ ያለፈችው ሞሮኮ ግን በመጨረሻ ዋንጫውን ወሰደች። ውድድሩ ካለፈ በኋላ በደቻቱ ስንከፈል አንደኛው ወገን «ሞሮኮ»፣ ሁለተኛው «ናይጄሪያ» ሆነ። «ጥጥ» እና «ሲሚንቶ» ብሎ የሚጠራ ልጅ ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም። አጎቴ ይህን ሲሰማ ምንም አልተናገረም፤ ከተቀመጠበት ተነሥቶ ወጣ እንጂ።

የድሬዳዋው ሜዳ ኋላም ሥራ አልፈታም። በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎች ከተማ እየለወጡ ሲካሄዱ ድሬዳዋም ከአስተናጋጆቹ አንዷ ነበረች። ሆኖም ቡድን እንደሚፈርስ ሁሉ ሜዳም ከዘመኑ ወደ ኋላ ይቀራል። የአገራችን ስታዲየሞች የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የሚጠይቀውን ደረጃ አላሟሉም ስለ ተባለ፣ ኢትዮጵያ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን የገጠመችው በማላዊ መዲና በሊሎንግዌ ነበር። በ1954 በአዲስ አበባ በሕዝቧ ፊት ያሸነፈቻትን ያችኑ ግብፅን፣ ስድሳ ዓመት ካለፈ በኋላ በሰው አገር ሜዳ ላይ 2 ለ 0 አሸነፈች። በጨዋታው ሰነድ ላይ ባለሜዳ ተብላ የተመዘገበችው ኢትዮጵያ ናት።