ሳጥንና ጓጉንቸር

በጌዴኦ ኮረብታዎች ላይ እንሰቱ፣ ቡናውና ነባሩ ዛፍ በአንድ ማሳ ተጠጋግተው ይኖራሉ። ይህ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ገበሬው ግን ከአንድ የእንሰት ሥር የፈሉትን ችግኞች ለያይቶ ይተክላቸዋል፤ ሥር ካልተራራቀ ግንድ እንደማይወፍር ያውቃልና።

ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ከገጠር ወደ ዲላ የመጣች የ16 ዓመት ልጃገረድ ከአክስቷ ቤት ተጠግታ ትኖር ነበር። ሹራቧን የአክስቷ ልጅ ለብሳው ገበያ ወጣች። የግጥም ደብተሯን የአክስቷ ባል ለእንግዶች ጮክ ብለው አነበቡት፤ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። በማግሥቱ ልጅቷ ቡና ለቅማ ባጠራቀመችው ገንዘብ ጓጉንቸር ገዝታ ሳጥኗን ቆለፈች።

«በቤቴ ሌባ አለ ማለትሽ ነው?» አሉ አክስቷ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከልጆቻቸው አፍ ቀንሰው ያበሉ ሴት ናቸውና ቁልፉ ውለታቸውን የካደ መሰላቸው።

«የለም፣ እትዬ። ብትጠይቀኝ እሰጣት ነበር።»

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የማንኛውም ሰው የግል ሕይወት እንዲከበር ደንግጓል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም ይህንኑ ለልጆች አረጋግጧል። ሆኖም ሕጉ ሳጥኑን ቢጠብቅ የአክስቲቱን ቅሬታ አይሽርም። እርሱን የሚሽረው የልጅቷ መልስ ሲሰማ ነው። ስጦታ ስጦታ የሚሆነው ሰጪው እምቢ ለማለት ሲችል ነውና። ሳይጠየቅ የተወሰደ ሹራብ ለልጅ የሚያስተምረው መደበቅን ነው።

እንግዲህ ቤተሰብ ጓጉንቸሩን ከመስበሩ አስቀድሞ ምን እንዳስገዛው ይጠይቅ።