የሰቆጣው ሎደር

ሰቆጣ፣ ኅዳር

ትናንት ማታ ከላሊበላ በኩል ገባሁ። ጠዋት 1 ሰዓት ሳይሞላ የቀሰቀሰኝ የማሽን ጩኸት ነው፤ ቀጭን፣ የሚያንቋርር፣ ወፍጮ ውስጥ ጠጠር የገባ የሚመስል። ያደግሁት እርሻ ጋራዥ አጠገብ ስለሆነ ድምፁን አውቀዋለሁ። ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁ።

ከማረፊያዬ በታች፣ የቤት መሠረት በሚወጣበት ቦታ፣ ቀለሙ የረገፈ ቤላሩስ ትራክተር ድንጋይ ወደ ገልባጭ ለመጫን ይታገላል። ኤም ቴ ዜድ 80 ነው፤ ከፊቱ ባኬት ተገጥሞለታል። ክንዶቹ እስከ ግማሽ ይነሱና ይንቀጠቀጣሉ፣ ቆም ይላሉ፣ እንደገና ይነሳሉ። በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ናዝሬት ላይ በተቋቋመው ፋብሪካ የቤላሩስ ትራክተሮች ይገጣጠሙ ነበር። ይህኛው ከዚያ መውጣት አለመውጣቱን የሚናገር ሰሌዳ አልቀረለትም።

"ፓምፑ ሞቷል ጋሼ፤ ቀይሩት ተብለናል" አለኝ ሾፌሩ፣ ገና ጢም ያላወጣ ልጅ። ዋጋውን ሲነግረኝ ዓይኑን ከመሬት አላነሳም።

ባለንብረቱ ግን ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት አንድ አዛውንት መካኒክ አስጠርቶ ነበር። ከሠራተኞቹ ጋር በአካባቢው ቋንቋ በኽምጣና፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ ያወራሉ። ሞተሩን አስጠፉ፤ ክንዶቹን መሬት አስነኩ፤ የማዘዣ ማንሻዎቹን ወዲያና ወዲህ እያንቀሳቀሱ በመስመሩ የቀረውን ጫና አስወጡ። ከዚያ በኋላ ነው አፋቸውን የከፈቱት።

"ፓምፑ ምን አጠፋ? መጀመሪያ የሚጠጣውን እንይለት።"

ይህን አነጋገራቸውን ደብተሬ ላይ ጻፍሁት፤ የአሮጌ ሎደር ሃይድሮሊክ ዋና ነገር እዚያው ውስጥ ስላለ። ብዙ ሰው ፓምፕ ጫና የሚፈጥር ይመስለዋል። ፓምፕ ግን ዘይት ማሳለፍ ብቻ ነው ሥራው። የዚህ ትራክተር ፓምፕ ሁለት የተቃቀፉ ማርሾች ነው፤ በአንድ ዙር 32 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ዘይት ይገፋል። ጫናን የሚወልደው ሸክሙ ነው። ውሃ በቦይ ሲወርድ ዝም ብሎ ይሄዳል፤ ድንጋይ ሲጋረጥበት ነው የሚገፋው። ዘይቱ ከማጠራቀሚያው ተነስቶ በፓምፑ፣ ሦስት ማንሻ ባለው ማከፋፈያ፣ በሆዞቹ አድርጎ ክንዶቹን የሚገፉት ጃኮች ዘንድ ይደርሳል፤ ሲመለስ ማጠራቀሚያው ውስጥ ባለው ፊልትሮ ተጣርቶ ይገባል። ውስጡ 8 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጃክ 50 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ፊት አለው፤ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር 100 ኪሎ ጫና ቢያርፍበት 5,000 ኪሎ ይገፋል። ባኬቱ ይህን ያህል የማያነሳው ጃኩ ክንዱን ከሥሩ አጠገብ ስለሚገፋው ነው።

ሽማግሌው የመምጠጫውን ሆዝ ፈቱት። ከውጭ ሲያዩት ደህና ነው። ውስጡ ግን የጎማው ቆዳ ተላጦ እንደ ምላስ ተንጠልጥሏል፤ ፓምፑ ሲስብ መንገዱን ይዘጋዋል። የተጠማ ፓምፕ በዘይቱ መካከል ባዶ አረፋ ይፈጥራል፤ አረፋዎቹ ጫና ሲያገኛቸው ሲፈርጡ ነው ያ የጠጠር ድምፅ የሚወጣው። በዚህ ላይ ሰቆጣ ከባሕር ጠለል ከ2,200 ሜትር በላይ ናት። ዘይቱን ከማጠራቀሚያው ወደ ፓምፑ የሚገፋው የአየር ክብደት እዚህ ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛውን ቢሆን ነው። ቆላ ላይ ያላስቸገረ ጠባብ ሆዝ ደጋ ላይ ያንቃል።

ሌላም ነገር ተገኘ። ይህ ትራክተር ለሃይድሮሊኩም የሞተር ዘይት ነው የሚጠቀመው፤ አንድ ሰው ግን ሲጎድል የካምቢዮ ዘይት ጨምሮበታል። የሰቆጣን ማር በብርድ ጠዋት ከገንቦ ለማውጣት የሞከረ ሰው ፓምፑ የገጠመውን ያውቃል።

በረፋዱ ላይ ያስደነገጠኝ ነገር ሆነ። ልጁ አንዱ ሆዝ ያፈስ እንደሆነ ለማወቅ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ እጁን ዘረጋ። አዛውንቱ ክንዱን ይዘው ጎተቱት። ካርቶን አምጥተው ከሆዙ ፊት ያዙ፤ ካርቶኑ ላይ ቀጭን የዘይት መስመር ታየ። ከመርፌ ቀዳዳ በጠበበ ስንጥቅ የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል። ከላይ ትንሽ ነጥብ ብቻ ይታያል፣ መጀመሪያ ላይ ላያምም ይችላል፤ ግን በፍጥነት ቀዶ ሕክምና ካላገኘ ጣት ወይም እጅ ሊያስቆርጥ ይችላል። ከዚህ ሥራ ጋር የሚኖር ሁሉ ይህን ቢያውቅ ምንኛ ደስ ባለኝ። ሆስፒታል ሩቅ በሆነበት አገር ካርቶን መያዝ የትምህርቱ መጀመሪያ መሆን ነበረበት።

ከሰዓት፣ 9 ሰዓት

ዘይቱ ተቀይሮ፣ አዲስ የመምጠጫ ሆዝ ገብቶ ጩኸቱ ጠፋ። ክንዶቹ ሳይንቀጠቀጡ ወጡ። ፀሐዩ ግን በርትቷል፤ ዘይቱ ሞቀና ቀጠነ፣ ሌላው ሕመም ተገለጠ። ባኬቱ ተነስቶ ሞተሩ ሲጠፋ ክንዶቹ ቀስ እያሉ ይወርዳሉ። ልጁ እንደገና "ፓምፑ ነው" አለ። ሞተር ጠፍቶ፣ ፓምፕ ቆሞ የሚወርድ ክንድ በፓምፕ ሊሳበብ አይችልም። ዘይቱ የሚሾልከው ወይ በማከፋፈያው ውስጥ ነው፣ ወይ የጃኩን ፒስተን ጎሚኒ፣ ማለትም የጎማ ማሸጊያውን፣ አልፎ።

አዛውንቱ ክንዶቹን እስከ ጫፍ አስነሥተው በወፍራም ብረት አስደገፉ። ከተደገፈ ክንድ ሥር እንኳ ማንም እንዲቆም አልፈቀዱም። በየተራ ከእያንዳንዱ ጃክ በዘንጉ በኩል ያለውን ሆዝ ፈትተው የሆዙን ጫፍ ደፈኑ፤ ክፍት የቀረው የጃኩ አፍ ብቻ ነው። ከዚያ ወደ ማንሳት አዘዙ። ፒስተኑ ጫፍ ስለደረሰ በዚያ አፍ ዘይት መውጣት አልነበረበትም። ከቀኝ ጃክ ጥቂት ጠብታ ወርዶ ቆመ። ከግራው ግን ያለማቋረጥ ፈሰሰ። የግራው ጎሚኒ አልቋል።

ማሴይ ፈርጉሰን 135ን ለሚያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ልጨምር። በዚያ ትራክተር ፓምፑ ከኋላ፣ ከካምቢዮው ጋር በአንድ ዘይት ውስጥ የተቀመጠ ባለ አራት ፒስተን ነው፤ የሚታዘዘውም በመምጠጫው በኩል ነው። ስለዚህ የካምቢዮው ዘይት ውሃ ከገባበት ሃይድሮሊኩም አብሮ ይታመማል። ቤላሩሱ የራሱ ማጠራቀሚያ ስላለው ሕመሙን ለይቶ መፈለግ ይቀላል። ሁለቱን በአንድ መላ መጠገን የሚሞክር ሰው ብዙ ብር ያባክናል።

ጎሚኒው ሰቆጣ ገበያ አልተገኘም። በሚቀጥለው አውቶቡስ እንዲላክ ደሴ ተደወለ። እስከዚያው ባኬቱ በግማሽ ጭነት ብቻ እንዲሠራ፣ ሥራ ሲቆም ሁልጊዜ መሬት ላይ እንዲያርፍ አዛውንቱ አዘዙ። ለልጁም ጠመኔ ሰጡት፤ ክንዱ በሩብ ሰዓት ምን ያህል እንደሚወርድ ጠዋትና ከሰዓት እየለካ እንዲጽፍ፤ ጎሚኒው ከተቀየረ በኋላም ማከፋፈያው ማርጀት አለማርጀቱ ከዚያ ይታወቃልና።

ወደ ማረፊያዬ ስመለስ ልጁ የትራክተሩ ኮፈን ላይ በትልልቅ ፊደል እየጻፈ ነበር፦ "ከሰዓት 9፦ 4 ጣት።" ከጎኑ ለነገ ጠዋት ባዶ ቦታ አሰምሮ ትቷል።