ዳገትና ነፋስ፦ ከአያት እስከ እንጦጦ

«ወደ ቁልቁለት ስትተኩስ ዝቅ አድርገህ አልም። ወደ ዳገት ስትተኩስም ዝቅ አድርገህ አልም።» እንዲህ ያሉኝ የሠፈሬ ሰው፣ ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ ናቸው። በንጉሡ ዘመን ተቀጥረው በደርግ ዘመን ምልምል ሲያሠለጥኑ የኖሩ፣ አሁን አያት ውስጥ ዶሮ የሚያረቡ አዛውንት። የቁልቁለቱን ተቀበልኩ። የዳገቱ ግን አልዋጥልህ አለኝ። ሽቅብ የሚሄድ ነገር ጉልበት ስለሚያንሰው ከፍ አድርጎ ማለም አይሻልም ወይ? «ቅዳሜ ጫማህን አጥብቀህ ና» አሉኝና ወሬውን ዘጉት።

ታኅሣሥ ነው፤ ሰማዩ ጠርቷል። አያት አደባባይ ስንገናኝ ገና ማለዳ ነበር። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የቀላል ባቡሩ የምሥራቅ መስመር እዚህ ያልቃል። በደቡብ ምሥራቅ የረር ተራራ እጅ ተዘርግቶ የሚነካ ይመስላል። ሃምሳ አለቃ «ስንት ኪሎ ሜትር ትለዋለህ?» ሲሉ ግምቴን ነገርኳቸው። ሳቁብኝ። ከዝናብ በኋላ የታጠበ አየር፣ ከጀርባ የምታበራ ፀሐይ ወይም በመካከል የተኛ ሸለቆ ሩቁን ያቀርባል አሉኝ። ተኳሽ ሲስት ብዙ ጊዜ እጁ ተንቀጥቅጦ እንዳይመስልህ፣ ርቀቱን አሳንሶ ነው፤ ጥይቱም ከዒላማው በታች አፈር ይበላል።

የካን ወደሚያዋስነው ኮረብታ በእግር ጀመርን። ጠመንጃ አልያዝንም። የያዝነው አንድ ከዘራ፣ ሁለት ጠርሙስ ውኃና ዳቦ ነው። ቆርቆሮ ቤቶቹና የኮንዶሚኒየሙ ፎቆች ከኋላችን ዝቅ እያሉ፣ ከቦሌ የሚነሡት አውሮፕላኖች አንዳንዴ ከፊታችን እንጂ ከላያችን የሚበሩ አይመስሉም።

አውሮፕላኑ ራሱ ስለ ጥይት አንድ ነገር ይናገራል። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል 2,334 ሜትር ከፍ ብሎ ስለተሠራ መንደርደሪያዎቹ ከሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ይረዝማሉ። አየሩ የሳሳ ነው፤ ክንፍ የሚደገፍበት ያንሰዋል። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ እንጦጦ ጫፍ ላይ ደግሞ ወደ 70 በመቶ ይወርዳል። አውሮፕላኑን የሚያስቸግረው ይህ ስስነት ጥይቱን ግን ይጠቅመዋል። የሚጎትተው አየር ሲቀንስ ፍጥነቱን ይዞ ይቆያል፤ ፈጥኖ ስለሚደርስም ብዙ ሳይወድቅ ይደርሳል። ምጽዋ ላይ ማነጣጠሪያውን ያስተካከለ ሰው ጠመንጃውን እንጦጦ ቢያመጣው በሩቅ ዒላማ ላይ ጥይቱ ከፍ ይልበታል። የ1968 እ.ኤ.አ. የሜክሲኮ ኦሊምፒክ በተመሳሳይ ከፍታ ላይ ነበር። ቦብ ቢመን በርዝመት ዝላይ 8 ሜትር ከ90 ሲዘል የሳሳው አየር እንዳገዘው ተወርቷል። እኛ ግን የዚያን ኦሊምፒክ የምናስታውሰው በማሞ ወልዴ የማራቶን ወርቅ ነው፤ ለሯጭ ሳንባ የሳሳ አየር ምኑም እርዳታ አይደለም።

ገመገሙ ጠና ሲል ሃምሳ አለቃ ቆሙ። እኔ ትንፋሽ ፍለጋ መስሎኝ ነበር። ከዘራቸውን ዳገቱ ላይ አጋድመው፣ የጫማ ማሠሪያቸውን ፈትተው ጫፉ ላይ ጠጠር አሠሩበት፤ ግንበኛ የሚጠቀምበት ቱምቢ ማለት ነው። ከዘራውን በዚያው ዘንበል ከመሬት አንሥተው ከላይኛው ጫፉ ለቀቁትና «ከከዘራው እግር እስከ ክሩ ድረስ አግድም ለካ» አሉኝ። በስንዝሬ ለካሁ፤ ከከዘራው ያጥራል። ነገሩ ይኸው ነው። ምድር ጥይቱን የምትስበው ቁልቁል ብቻ ነው። ስለዚህ ለመውደቁ የሚቆጠረው ዐይን የሚያየው ተዳፋት ርቀት ሳይሆን በካርታ ላይ የሚለካው አግድም ርቀት ነው። ዳገትም ሆነ ቁልቁለት፣ ከዘራው ተጋድሟልና አግድሙ ሁልጊዜ ያጥራል።

ተዳፋቱ 30 ዲግሪ ከሆነ 500 ሜትር የተባለው ዒላማ ለጥይቱ 433 ሜትር ነው። ሠላሳ ዲግሪ ማለት ሣር እየጨበጡ የሚወጡት ዓይነት ዳገት ነው። ሃምሳ አለቃ በወጣትነታቸው የያዙት የአሜሪካኑ ኤም ዋን ነበር። የማነጣጠሪያው መዘውር አንድ ጊዜ ጠቅ ሲል በ100 ሜትር ላይ ሦስት ሴንቲ ሜትር፣ በ500 ሜትር ላይ ደግሞ ዐሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋል። በዚያ ዳገት ላይ ለ500 ሜትር አስተካክሎ የሚተኩስ ሰው ሦስት ጠቅታ ያህል ትርፍ አለው፤ ጥይቱ ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍ ይልበታል። ደረት ያለመ ከራስ በላይ ይስታል። «ምልምሉ ሁሉ ዳገት ላይ መተኮስ አይወድም ነበር» አሉ። «ሜዳ ላይ አምስት ባምስት ያስገባ ልጅ ገደል አፋፍ ሲወጣ ባዶ ይሆናል። ጠመንጃው ተበላሽቷል ብሎ ይምልልሃል።»

ዱሮ የርቀት ስሕተት ከዚህም የከፋ ነበር። በምኒልክ ዘመን አብዛኛው ወታደር የሚያውቀው ውጅግራ በጥቁር ባሩድ የሚተኮስ፣ አረሩ ከአፈሙዙ በሴኮንድ 450 ሜትር ገደማ የሚወጣ የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው። አየር እንደሌለ ቢታሰብ እንኳ 400 ሜትር እስኪደርስ ወደ አራት ሜትር ይወድቃል፤ በሴኮንድ 850 ሜትር የሚወጣው የኤም ዋን ጥይት ግን አንድ ሜትር ከ10 ብቻ። 400 ሜትሩን 350 ነው ብሎ የገመተ የውጅግራ ተኳሽ ግማሽ ሜትር ዝቅ ይልበታል፤ ባለ ኤም ዋኑ በዚያው ስሕተት 14 ሴንቲ ሜትር። ስለዚህ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ርቀትን ማወቅ ግማሽ ተኩስ ነበር። የጣሊያኖቹ የአልበርቶኔ፣ የአሪሞንዲና የዳቦርሚዳ ብርጌዶች በተራሮች መካከል ተለያይተው፣ የማያውቁትን ሸለቆ በተሳሳተ ካርታ ሲያስሱ፣ ያገሬው ሰው ከዚህ ድንጋይ እስከዚያ ዋርካ ስንት እንደሆነ በእግሩ ያውቀዋል። የድሉ ምክንያት ብዙ ነው። ይሄ ግን በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ከሚገባው ያነሰ ቦታ የተሰጠው ይመስለኛል።

ጥቁር ባሩድ አንድ ጥቅም ነበረው፤ ጭሱ ነፋሱን ያሳያል። የተኳሹን ቦታም ያጋልጣል፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ረፋዱ ላይ ሸንተረሩ ጫፍ ስንደርስ ነፋሱ ተነሣ። ማለዳ ከየቤቱ ቀጥ ብሎ ይወጣ የነበረው ጭስ ተኛ። በበጋ የአዲስ አበባ ነፋስ የሚበዛው ከምሥራቅ ነው፤ ሸንተረሩ ላይ ግን ታች ሜዳው ላይ ያለው ነፋስ አይደለም የሚያገኙት። ኮረብታ የሚገጥመው አየር ጠብቦ ማለፍ ስላለበት ጫፉ ላይ ይፈጥናል። በ2004 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የመጀመሪያው የአዳማ የነፋስ ኃይል ማመንጫ 34 ተርባይኖቹን ከፍታ ላይ የተከለው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ ላይ ፀሐይ የመታችው ገመገም አየሩን አሙቆ ሽቅብ ይሰደዋል፤ ማታ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ቁልቁል ይፈሳል። ተኳሽ ግራና ቀኙን ብቻ ቢያይ ተሳሳተ፤ ዳገት ላይ ነፋስ ከታችም ይመጣል።

ነፋስ ጥይትን ስንት ይገፋል የሚለው ሂሳብ ሰው እንደሚገምተው አይደለም። ጥይቱ በበረረበት ሴኮንድ ሁሉ አይገፋም፤ አየሩ ባዘገየው ጊዜ ልክ ነው። አየር ባይኖር 500 ሜትርን በ0.59 ሴኮንድ የሚጨርስ ጥይት በአየር ውስጥ 0.7 ቢፈጅበት፣ መዘግየቱ 0.11 ሴኮንድ ነው። በሴኮንድ አራት ሜትር የሚነፍስ የጎን ነፋስ 44 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን ይወስደዋል። ያው ሂሳብ ሽቅብ ለሚነፍሰውም ይሠራል፤ ገመገሙን ተከትሎ በሴኮንድ አንድ ሜትር የሚወጣ አየር ጥይቱን 11 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያደርገዋል። የሳሳ አየር መዘግየቱን ስለሚያሳንስ እኩል ፍጥነት ያለው ነፋስ እንጦጦ ላይ የሚገፋው ከቆላው ያነሰ ነው። ፊት ለፊትና ከኋላ የሚነፍሰው ግን ከሚያስፈራው በታች ነው፤ በሴኮንድ 850 ሜትር ለሚሄድ ጥይት አምስት ሜትር ምን አላት?

አንድ ነገር ግን ሃምሳ አለቃም ራሳቸው «ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ግን አይቼዋለሁ» ያሉኝ አለ። ከቀኝ የሚመጣ ነፋስ ጥይቱን ወደ ግራ ከመውሰድ አልፎ በጥቂቱ ከፍ ያደርገዋል፤ ከግራ ሲመጣ ወደ ቀኝና ትንሽ ዝቅ። ምክንያቱ የጥይቱ መሽከርከር ነው። በአፈሙዙ ውስጥ ያለው ቦይ ወደ ቀኝ ስለሚጠመዘዝ ጥይቱ እየተሽከረከረ ይወጣል፤ የሚሽከረከር ነገር ከጎን ሲገፋ ደግሞ አፍንጫውን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ያዞራል። ቦዩ ወደ ግራ በሚጠመዘዝ ጠመንጃ ተቃራኒው ይሆናል።

ከሰዓት በኋላ በታክሲ ዞረን በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ እንጦጦ ወጣን። ምኒልክ እዚህ ከትመው በነበሩበት ጊዜ ይህ ሁሉ ባሕር ዛፍ አልነበረም፤ የመጣው ከተማው ወደ ፍልውኃ ከወረደ በኋላ፣ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ላይ ነው። ዛፍ ነፋስን ይሰብራል፤ ግን አያጠፋውም። ከግንዶቹ መካከል ቆሜ ፊቴን የሚነካ ነገር አልነበረም፤ ቀና ስል የባሕር ዛፎቹ ጫፍ ይወዛወዛል። ሃምሳ አለቃ ጣታቸውን ወደ ሸለቆው ዘረጉ። ማዶ ያለውን ለመምታት ጥይቱ የሚያልፈው በዚያ ባዶ አየር ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ የሚያሳይ ቅጠል የለም። እሳቸው የሚያዩት አሞራ ነው። ክንፉን ሳያራግብ ከፍ ካለ ከታች የሚገፋው አየር አለ ማለት ነው።

እንግዲህ ይህን ለመሞከር ጠመንጃ ልግዛ የሚል ካለ፣ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። ቀስት ይበቃል። በ2013 ዓ.ም. በተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ የቀስት ማስወንጨፊያ ቦታ አለ። በሴኮንድ 50 ሜትር የምትወጣ ፍላጻ በ20 ሜትር ላይ ከሰባ ሴንቲ ሜትር በላይ ትወድቃለች፤ ርቀት መገመትንም ነፋስ ማንበብንም በአንድ ከሰዓት ታስተምራለች። ብትችሉ ግን ጠዋት ሂዱ፣ ነፋሱ ሳይነሣ።