ዘርን ለብቻ ማስቀመጥ
ከአሽዶድ እናቶች ጋር የዋልንበት ረቡዕ

በዚህ እትም ወደ አሽዶድ ይዘናችሁ እንሄዳለን።

አሽዶድ ከቴል አቪቭ በስተ ደቡብ የምትገኝ የባሕር ዳር ከተማ ናት። ስሟ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ በአማርኛው መጽሐፈ ሳሙኤል ታቦቱ ተማርኮ የተወሰደባት አዛጦን እርሷ ናት። የዛሬዋ ከተማ ግን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1956 የተቆረቆረች ስትሆን ከመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎቿ መካከል ከሞሮኮ የመጡ አዲስ ገቢዎች ይገኙበታል። ወደቡ በ1965 ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ከጆርጂያ፣ ከሩሲያ፣ ከፈረንሳይና ከኢትዮጵያ የመጣው ሕዝብ ከተማዋን ሞልቷታል። ሰፈሮቿ የሚጠሩት በዕብራይስጥ ፊደል ነው። ስለዚህም ገና ኡልፓን ያልገባች እናት እንኳ አውቶቡስ እንዳይስታት ስትል የራሷን ሰፈር ፊደል ቀድማ ትለያለች።

እኛ በዚህች ከተማ የምንሠራ ሁለት የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞች ነን። በአንድ ሰፈር ማትናስ ውስጥ ለአሥራ ሁለት እናቶች ስለ ንግድና ስለ ገንዘብ አያያዝ ትምህርት ስንሰጥ ቆይተናል። እናቶቹ በጭልጋ፣ በደምቢያ፣ በወገራ ገጠር ተወልደው ያደጉ ናቸው። አንዳንዶቹ በሜይ 1991 በሰሎሞን ዘመቻ የመጡ ሲሆኑ፣ ሌሎቹ ከዲሴምበር 2020 በኋላ በጹር እስራኤል ዘመቻ የገቡ ናቸው። እነዚህኞቹ እርሻቸውን ትተው ጎንደር ከተማ ወይም አዲስ አበባ ለዓመታት ሲጠብቁ የኖሩ በመሆናቸው፣ አገራቸውን ሁለት ጊዜ የለቀቁ ያህል ነው።

የመጀመሪያው ቀን ትምህርታችን አልተሳካም። በሰሌዳው ላይ «ሲኩን» ብለን በትልቁ ጻፍንና ትርጉሙ «ሥጋት» ነው አልን። ከኮሌጅ የተማርነውን ሠንጠረዥ ዘርግተን አንድ ሰዓት ሙሉ ተናገርን። እናቶቹ በትሕትና ዝም ብለው ሰሙን። በመጨረሻ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት እናት ነጠላቸውን አስተካከሉና፣

«ልጆቼ፣ ሥጋትንስ እናንተ አታስተምሩንም» አሉን።

አስቀመጡንም። ጤፍ ብቻ የዘራ ሰው በረዶ ሲመታው ባዶውን እንደሚቀር፣ ስለዚህ ዳጉሳም ገብስም እንደሚዘራ፣ ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ በእርጥበቱ ሽንብራ እንደሚጣል ነገሩን። የቅቤና የእንቁላል ገንዘብ የሴቲቱ ስለሆነ ለክፉ ቀን እንደሚቀመጥ፣ ነሐሴ ላይ እህል ሲያልቅ ፍየል እንደሚሸጥ፣ ላሟ ግን እንደማትነካ ነገሩን። ከሁሉም በላይ ዘር ለብቻው ይቀመጣል። «ልጅ ቢራብ ጎረቤት ይለመናል እንጂ ዘር አይበላም። ዘሩን የበላ ምኑን ያርሳል?» አሉን።

ሰሌዳውን ጠረግነው። እነዚህ እናቶች ሥጋትን ያውቁታል። የማያውቁት እዚህ አገር የሚመጣበትን መንገድ ነው። በገጠር ሥጋት ከሰማይ ይመጣል፤ ደመናውን ያዩታል፣ አንበጣውን ይሰሙታል። እዚህ ግን በፖስታ ሣጥን ውስጥ በወረቀት ይመጣል፤ ቋንቋውም ዕብራይስጥ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ክፍሉን ትተን ከተማዋን ለማየት ወጣን።

በባሕሩ ዳር ገበያ

አሽዶድን በአገሩ ሁሉ ካስታወቋት ነገሮች አንዱ በሊዶ ባሕር ዳርቻ ረቡዕ ረቡዕ የሚቆመው ገበያ ነው። እኛም በአንድ ረቡዕ ጠዋት እናቶቹን ይዘን ሄድን። ከወዲያ የወደቡ ክሬኖች ይታያሉ፣ ከወዲህ ልብስ፣ ሳህን፣ ሽንኩርት፣ የወይራ ፍሬ፣ ያገለገለ ዕቃ ተዘርግቷል። ነጋዴው በዕብራይስጥም በሩሲያኛም በአረብኛም ይጮኻል። እናቶቹ ወዲያው ፊታቸው ፈካ። አንዷ፣ «ይህማ የጎንደር ቅዳሜ ገበያ ነው፤ ባሕሩ ብቻ ነው የተጨመረው» አለች።

ቁጭ ብለን ሒሳብ የሠራነው እዚያ ነው። ከመካከላቸው አንዲቱ እንጀራ እየጋገረች ለጎረቤት ትሸጥ ነበር። ለምሳሌ ያህል 40 እንጀራ በ7 ሸኬል ብትሸጥ 280 ሸኬል ታገኛለች። ዱቄቱ 110፣ መብራቱ 25፣ ላስቲክና ታክሲ 35 ቢሆን ወጪው 170 ነው። የሚተርፋት 110 ሸኬል ነው። ለማቡካት፣ ለመጋገርና ለማድረስ የፈጀባትን ስንቆጥር 11 ሰዓት ሆነ። በሰዓት 10 ሸኬል መሆኑ ነው! ሕጋዊው ዝቅተኛ የሰዓት ደመወዝ ግን በአፕሪል 2024 ከ32 ሸኬል በላይ ነበር። እናትየዋ ለረጅም ጊዜ ባሕሩን ስታይ ቆየችና፣ «ድካሜን ቆጥሬው አላውቅም ነበር» አለች።

ይህን የምንነግራችሁ ሥራዋን እንድትተው አይደለም። አልተወችምም። ዋጋዋን አስተካከለች፣ ዱቄቱንም ከሌላ እናት ጋር በጋራ በጅምላ መግዛት ጀመረች። ቀጥሎም ወደ ኢሪያ ሄዳ ስለ ንግድ ፈቃድ ጠየቀች፤ ምግብ ለሽያጭ ማዘጋጀት ፈቃድና የጤና ጥበቃ ቁጥጥር ይጠይቃልና። አነስተኛ ሥራ የሚጀምር ሰው «ዖሴቅ ፓቱር» ሆኖ መመዝገብ ይችላል፤ ጣሪያው በ2024 የዓመት ሽያጭ 120,000 ሸኬል ነበር። መዝገብ የሚከፈተው በሦስት ቦታ ነው፤ በማዓም፣ በማስ ሐክናሳና በቢቱአሕ ሌኡሚ። የሐክናሳ ድጎማ የምትቀበል እናት ደግሞ ገቢዋን አስቀድማ ካላሳወቀች በኋላ ገንዘቡን መልሺ ትባላለች። በረዶ ማለት ይህ ነው።

አንድ ፊርማ

አሁን የምንጽፈው የራሳችንን ጥፋት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አራት ልጆች የምታሳድግ አንዲት እናት ወረቀት ይዛ ወደ ቢሯችን መጣች። የእኅቷ ልጅ ብድር ሊወስድ ነው፣ እርሷም «አሬቭ» እንድትሆን ተጠይቃለች። ሰው በብዛት ተሰልፎ ስለነበር በችኮላ አነበብንላትና «ዋስ ሁኚ ነው የሚልሽ» አልናት። እርሷም ፈረመች።

በአገር ቤት ዋስ የሆነ ሰው የጠፋውን ፈልጎ ሽማግሌ ፊት ያቀርባል፤ ሽማግሌም ቀን ይሰጣል፣ ነገሩ በእርቅ ይለዝባል። እርሷ የገባት ይህ ነው። ልጁ መክፈል ሲያቆም ግን ደብዳቤው ለእርሷ መጣ። ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠችው። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም እንዲሁ። በአራተኛው ጉዳዩ ወደ ሆጻአ ላፖዓል አልፎ የባንክ ሒሳቧ ታገደ። የልጆቿን አበል ልታወጣ ሄዳ ባዶ እጇን ተመለሰች። ከብዙ መመላለስ በኋላ በየወሩ ጥቂት እንድትከፍል ተፈቀደላት፤ እስካሁንም የሰው ዕዳ ትከፍላለች። አሥር ደቂቃ ብንጨምርላት ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር።

ያች እናት ዛሬ ከአሥራ ሁለቱ አንዷ ናት። በገበያው ዳር ተቀምጠን ስለ ብድር ስናወራ ተነሥታ ለሌሎቹ ያስተማረችው እርሷ ናት። «አሬቭ ሁኚ ስትባዪ ሦስት ነገር ጠይቂ» አለች፤ «ይህ ሰው ባይከፍል እኔ የምከፍለው ስንት ነው? እስከ መቼ? ከእኔ ሌላ ማን ፈርሟል? መልሱን በአማርኛ ካልሰማሽ እጅሽን ከብዕሩ አርቂ።» ከእኛ ሠንጠረዥ ሁሉ ይህ ይበልጣል።

ብድር ሁሉ ክፉ ነው ማለታችን አይደለም። ከጎንደር በቅርቡ የመጣችሁ የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋምን ታስታውሱታላችሁ፤ አብቁተ ይባል የነበረው፣ በ2022 ጸደይ ባንክ የሆነው ነው። እዚያ ሴቶች በቡድን ሆነው እርስ በርስ እየተዋዋሱ ይበደሩ ነበር። በእስራኤልም ያለ ወለድ የሚያበድር «ኦገን» የተባለ ድርጅት አለ። በ1990 በኢየሩሳሌም የመሠረቱት በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የማኅበራዊ ሥራ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር ኤሊዔዘር ያፌ ናቸው። እዚያም ቢሆን ዋስ ይጠየቃል፤ ስለዚህ ሦስቱ ጥያቄዎች አይቀሩም።

ደመናው ሲመጣ

በኦክቶበር 2023 ጦርነቱ ሲጀመር ሮኬቱ ወደ አሽዶድም ይተኮስ ነበር። ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ሰው ከመጠለያ አልራቅ አለ፣ የቀን ሥራ ቆመ። በነዚያ ሳምንታት ያየነውን አንረሳውም። በጽዳት ሥራ ብቻ የምትተዳደር እናት ወዲያው ሚኑስ ውስጥ ገባች። ደመወዟ ትንሽ ሆኖ፣ በጎን የምትሰፋው ልብስና በእቁብ ያስቀመጠችው ገንዘብ የነበራት ግን ቀኑን ተሻገረችው። ጤፉ ሲመታ ሽንብራው ደረሰላት ማለት ነው።

ስለዚህ ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች ከአሽዶድ እናቶች የተማርነውን እናስተላልፋለን። አንደኛ፣ የሥራውን ገንዘብና የቤቱን ገንዘብ አትቀላቅሉ፤ የሚቀጥለው ወር ዱቄት መግዣ ዘር ነው፣ ዘር አይበላም። ሁለተኛ፣ ድካማችሁን ከወጪ ጋር ቁጠሩ። ሦስተኛ፣ የመጣ ደብዳቤ በሳምንቱ ይነበብ፤ ልጅን እንዲያስተረጉም አታስገድዱት፣ ማትናስ ወይም ወደ እኛ ዘንድ አምጡት። አራተኛ፣ እቁብ ስትገቡ ተራውንና መጠኑን በጽሑፍ ያዙ። አምስተኛ፣ ያልገባችሁን አትፈርሙ፤ የቸኮለ ሠራተኛ ቢገጥማችሁ፣ እኛም ብንሆን፣ «ቆይ፣ እንደገና አንብብልኝ» በሉ። ማፈር አያስፈልግም።

በዚያ ረቡዕ ማታ ስንመለስ በዕድሜ ትልቋ እናት አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ፣ «ነገ ደግሞ ያን ወረቀት ይዤላችሁ እመጣለሁ» አሉን። የትኛውን ስንላቸው፣ «መሳቢያ ውስጥ ያለውን» አሉ። በማግስቱ አመጡት። የመክፈያ ቀኑ ሊያልፍ ሦስት ቀን የቀረው የአርኖና ደብዳቤ ነበር። ከእርሳቸው ጋር አብረን ኢሪያ ሄድን፤ ቅናሽም አገኙ።

በእናንተስ መሳቢያ ውስጥ ምን አለ?