የእናቴ እርምጃ

የምኖረው ሚሺጋን ውስጥ፣ ዲትሮይት አጠገብ ነው፤ እንጀራዬም በመኪና ዕቃ ማድረስ ነው። ባዶ መንገድ ላይ ቀይ መብራት ሲያቆመኝ ደሜ ይፈላል። ስለዚህ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጎረቤታችን በበርሚንግሃም ከተማ፣ በ34 መስቀለኛ መንገዶች ላይ የሠሩትን ሳነብ ጮቤ ረገጥኩ።

ቀድሞ የመብራትን ሰዓት ለማስተካከል መንገድ ዳር ቆሞ መኪና መቁጠር፣ ወይም አስፋልት ቆፍሮ ሽቦ መቅበር ነበረ። ወጪው ስለሚከብድ አንዴ የተሞላው ሰዓት ለዓመታት በዚያው ይቆያል። አዳዲሶቹ የጄኔራል ሞተርስ መኪኖች ግን ያሉበትን ቦታ በየጥቂት ሰከንዱ ራሳቸው ይናገራሉ። ከ100 መኪና 6 ያህሉ ቢናገሩ ይበቃል። አንዷ ከመብራቱ 80 ሜትር ርቃ ከቆመች ከፊቷ ሰልፍ አለ ማለት ነዋ! የብዙ ሳምንታት ተመሳሳይ ሰዓት ሲደራረብ የጎደለው ይሞላል። እ.ኤ.አ. በ2024 በታተመው ጥናታቸው መዘግየት እስከ 20 በመቶ፣ በቀይ መቆም እስከ 30 በመቶ ቀንሷል።

ባለፈው ሐምሌ እናቴ ከአዲስ አበባ መጣች። ጉልበቷን ያማታል፤ በከዘራ ነው የምትሄደው። ቤታችን አጠገብ ያለውን ሰፊ ጎዳና ስንሻገር ቁጥሩ ወደ ታች መቁጠር ጀመረ። ዜሮ ሲል እኛ ገና መሀል ነን።

«እማዬ፣ ቶሎ በይ!»

«ቶሎማ ከየት ላምጣው ልጄ? ይኼ መብራት የሚጠብቀው ማንን ነው?»

ከፊት የቆመው ሹፌር ጥሩምባ አልነፋም፤ በጣቱ መሪውን ያንኳኳ ነበር። ያንን ጣት አውቀዋለሁ፤ የራሴ ነው።

ማታ ኮሪደሩን ለክቼ አስኬድኳት፤ 10 ሜትሩ 16 ሰከንድ ፈጀባት። የአሜሪካ የመብራት መመሪያ እግረኛ በሰከንድ 3.5 ጫማ፣ ማለትም አንድ ሜትር ከ7 ሳንቲም ይራመዳል ብሎ ያስባል። እስከ 2009 ደግሞ 4 ጫማ ነበር! እናቴ በ10 ሰከንድ 6 ሜትር ብቻ ነው የምትሄደው። ይህን ግን የትኛዋም መኪና አትናገርላትም፤ ከዘራዋም መረጃ አይልክም። እንግሊዞች እግረኛውን በመሣሪያ አይተው፣ እስኪሻገር ቀዩን የሚያራዝሙ መብራቶች ከ1990ዎቹ ጀምሮ አሏቸው። ስለዚህ አይቻልም አይባልም።

ከዚያ ወዲህ ማዶ ወዳለው ሱቅ መሄድ ስትፈልግ በመኪና ዞሬ አደርሳት ጀመር። 18 ሜትር የማይሞላ መንገድ ነበር። አረንጓዴው ይበራልናል፤ ሳንቆም እናልፋለን። እሷም በመስኮት የእግረኛውን መሻገሪያ ዘወር ብላ ታያለች።